ጥያቄ አለኝ፦ «ታንከር መርከብ በቀን 100 ሺህ ዶላር ያስገባል የሚባለው እውነት ነው?»

ሰላም ናችሁ የአምዱ ቤተሰቦች፣ በዚህ ወር የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ወደ ባህር የሚወርዱ ሆነው አገኘኋቸው። መጀመሪያ ገረመኝ፣ ቆይቼ ግን ምን ይገርማል አልኩ፣ ኮምቦልቻ ከባህር ርቃ ብትቀመጥም መንገዷ ከድሮም ወደ ባህር ነው፣ ጣልያን ከደሴ እስከ አሰብ ያወጣው መንገድ በደጃችን ነው የሚያልፈው፣ አሰብ የነበረው ማጣሪያም እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1997 ሲሰራ ስንቱ ቦቴ በባቲ በኩል ተመላልሷል፣ አሁን ደግሞ ነዳጁ ከጅቡቲ በሚሌ ይመጣል። እኔም ግማሽ ዕድሜዬን ጅቡቲና ኮምቦልቻ መሀል በትራንዚት ስራ ነው የጨረስኩት፣ ስለዚ የማውቀውን ሳልቆጥብ እመልሳለሁ። የመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ትንሽ እረዝማለሁ፣ ታገሱኝ።

ጋሼ እንደምን ሰነበቱ። እኔ ኮምቦልቻ ሁለት ቦቴ አለኝ፣ ከጅቡቲ ናፍጣ እጭናለሁ። ባለፈው ሆራይዘን ተርሚናል ተራ ስጠብቅ አንድ የመርከብ ሰው ተዋውቄ ታንከር መርከብ በቀን መቶ ሺህ ዶላርና ከዛ በላይ የሚያገኝበት ጊዜ አለ አለኝ። እኛ አስራ አምስት የቦቴ ባለንብረቶች ነን፣ አብረን ዕቁብ እንጥላለን፣ አክሲዮን ነገር አቋቁመን አሮጌም ቢሆን አንድ መርከብ ብንገዛ ያዋጣል ወይ? — የቦቴ ባለንብረት፣ ከኮምቦልቻ

ወንድሜ፣ ሰውየው አልዋሸህም። እ.ኤ.አ. በ2020 መጋቢትና ሚያዝያ ላይ እንዳውም ትልልቆቹ ድፍድፍ ጫኝ መርከቦች በቀን ከ200 ሺህ ዶላር በላይ የተከራዩበት ጊዜ ነበር። ምክንያቱ ኮሮና ነው፣ ዓለም ቤቱን ዘግቶ ተቀመጠ፣ ሳዑዲና ሩሲያ ደግሞ በዋጋ ተጣልተው ነዳጁን ያለ ገደብ ያወጡት ነበር፣ የየብሱ ጋን ሁሉ ሞላ፣ በዛ ሰሞን አሜሪካ ውስጥ የአንድ በርሜል ዋጋ ከዜሮ በታች 37 ዶላር ከ63 ሳንቲም ወርዶ ነበር፣ ማለትም ሻጩ ለሚወስድለት ሰው ገንዘብ ጨምሮ የሚሰጥበት ቀን መጣ። ያን ጊዜ መርከብ መጋዘን ሆነ፣ ነዳጅ ጭኖ ባህር ላይ ቆሞ ኪራይ ይበላ ነበር። ግን ታሪኩ እዛ አላለቀም፣ ዓመቱ ሳይጠናቀቅ ኪራዩ ተንኮታኩቶ በ2021 እነዚያው መርከቦች የሚያቃጥሉትን ነዳጅ እንኳ መሸፈን ያቃታቸው ሳምንታት ነበሩ፣ ሂሳቡ ሲሰራ በቀን ከዜሮ በታች ይወጣ ነበር። ስለዚ መቶ ሺው እውነት ነው፣ ዜሮውም እውነት ነው፣ ያው መርከብ ነው ሁለቱንም ያየው።

አሁን ዋናውን ነገር ላስረዳህ፣ አንተ ደግሞ የቦቴ ሰው ስለሆንክ ከማንም በላይ ይገባሃል። ብዙ ሰው የታንከር ኪራይ የሚወደደው የነዳጅ ዋጋ ሲወደድ ይመስለዋል፣ አይደለም። ከኮሮናው ዓይነት ልዩ ጊዜ ውጪ ኪራዩን በዋናነት ከፍ የሚያደርገው የመንገዱ ርዝመት ነው። እስቲ የባቲ መንገድ ተዘጋ በል፣ ከሚሌ በአዋሽ፣ በአዲስ አበባ፣ በደብረ ብርሃን ዞረህ ኮምቦልቻ ግባ ተባልክ። በወር አራት ቢያጆ ትሰራ የነበርከው ሁለት ብትሰራ ነው፣ ኮምቦልቻና ደሴ የሚያቃጥሉት ናፍጣ ግን በአንድ ሊትር አልቀነሰም፣ ስለዚ ያንኑ ናፍጣ ለማምጣት እጥፍ ቦቴ ይፈለጋል፣ ቦቴ ደግሞ በአንድ ሌሊት አይወለድም፣ በቃ ያለው ቦቴ ይወደዳል። የመርከብ ሰዎች ይሄን ቶን ማይል ነው የሚሉት፣ የጭነቱ ክብደት በሄደበት ርቀት ሲባዛ ማለት ነው።

እንግዲ ከ2022 ወዲህ የሆነው ይሄ ነው። ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር አውሮፓ በባህር የሚመጣውን የሩሲያ ድፍድፍ እ.ኤ.አ. ከታህሳስ 5 ቀን 2022 ጀምሮ፣ የተጣራውን ደግሞ ከየካቲት 5 ቀን 2023 ጀምሮ አልገዛም አለ። ድሮ ከባልቲክ ተነስቶ በጥቂት ቀን ሮተርዳም የሚራገፍ ድፍድፍ ህንድና ቻይና ድረስ መሄድ ጀመረ፣ አውሮፓም የጎደለውን ከአሜሪካና ከባህረ ሰላጤው እያስመጣ ይሞላ ጀመር፣ የሁሉም መንገድ ረዘመ። እሱ ሳይበርድ በህዳር 2023 ሁቲዎች ቀይ ባህር ላይ መርከብ ማጥቃት ጀመሩ። ከኛ ጅቡቲ ፊት ለፊት ባለችው ባብ ኤል መንደብ በ2023 በቀን ከ8 ሚሊዮን በርሜል በላይ ነዳጅ ያልፍ ነበር፣ በ2024 ወደ ግማሽ ወረደ። የቀረው በደቡብ አፍሪካ ጫፍ ነው የዞረው፣ ከአረብ ባህር አውሮፓ ለመድረስ ወደ 15 ቀን ገደማ ይጨምራል። አስራ አምስት ቀን ማለት መርከቢቱ ሌላ ጭነት የማትጭንበት አስራ አምስት ቀን ነው።

በዚህ በኩል ፍላጎቱን አየህ፣ በዛ በኩል ደግሞ የመርከቡን ቁጥር እይ። መርከብ የሚሰሩት በብዛት ቻይናና ደቡብ ኮሪያ ናቸው፣ ዛሬ ብታዝ የምትረከበው ከሁለትና ሶስት ዓመት በኋላ ነው። በ2023 መጀመሪያ ላይ የታዘዘው አዲስ ታንከር ካለው አንጻር በአስርት ዓመታት ውስጥ ዝቅተኛው ነበር፣ ለዛ ነው ኪራዩ ቶሎ ያልወረደው። ከዛ በኋላ ግን ባለመርከቦቹ ኪሳቸው ሲሞላ ማዘዝ ጀመሩ። የኔ ፍርሃት እዚህ ጋ ነው፣ አጭሩ መንገድ ሙሉ በሙሉ የሚከፈትበትና አዳዲሶቹ መርከቦች ባህር የሚወርዱበት ጊዜ ከገጠመ ብዙ መርከብ አጭር መንገድ ላይ ይጋፋል። ይሄ ስራ ሁሌም እንዲህ ነው የዞረው፣ ጥሩ ጊዜ ላይ ያዘዝከው መርከብ መጥፎ ጊዜ ላይ ይደርስልሃል።

ስለ መጠኑ ካነሳን፣ ትልቁ ቪኤልሲሲ የሚባለው 2 ሚሊዮን በርሜል ገደማ ይይዛል። እኔ ይሄን ቁጥር በቦቴ ካልመነዘርኩት አይታየኝም፣ አንድ ባለ ተሳቢ ቦቴ 46 ሺህ ሊትር ይጭናል ብንል ያ መርከብ ወደ 7 ሺህ ቦቴ ነው። ከሱ ቀጥሎ አንድ ሚሊዮን በርሜል የሚይዘው ሱዌዝማክስ አለ፣ ከዛ አፍራማክስ እያለ ይወርዳል፣ ወደኛ ሰፈር የተጣራ ናፍጣና ቤንዚን ይዞ የሚመጣው ዓይነት ደግሞ ኤምአር ይባላል፣ 40 ሺህና 50 ሺህ ቶን አካባቢ። 40 ሺህ ቶን ናፍጣ እንኳ ከ1,000 ቦቴ በላይ ነው። ዋጋው በ2024 አዲስ ቪኤልሲሲ ወደ 130 ሚሊዮን ዶላር፣ አዲስ ኤምአር ወደ 50 ሚሊዮን ዶላር ነበር።

አሁን ቁጭ ብለን እናስላ፣ ቁጥሮቹ የምሳሌ ናቸው፣ አሰራሩ ግን እውነተኛ ነው። ኤምአር መርከብህ አንድ ጭነት በ900 ሺህ ዶላር ያዘች። ሞተሯ ያቃጠለው ነዳጅ 300 ሺህ፣ ወደብና ምናምን 150 ሺህ፣ ቀረህ 450 ሺህ። ጉዞው ባዶ መመለሷን ጨምሮ 22 ቀን ፈጀ፣ ባዶውን መቁጠር አትርሳ፣ አንተም ጅቡቲ ባዶህን ወርደህ እኮ ነው ጭነህ የምትመጣው። በቀን ወደ 20 ሺህ 400 ዶላር መጣ፣ ኢንተርኔት ላይ የምታየው የቀን ገቢ የሚባለው ይቺ ናት፣ ትርፍ ግን አይደለችም። ከሷ ላይ ደሞዝ፣ ዘይት፣ መለዋወጫ፣ ኢንሹራንስ በቀን 7,500 ውሰድ፣ ቀረህ 13 ሺህ ገደማ። መርከቧን በ45 ሚሊዮን ገዝተህ 27 ሚሊዮኑ የባንክ ብድር ከሆነ፣ በ7 በመቶ ወለድ በአስር ዓመት ለመክፈል በቀን ወደ 10 ሺህ 500 ዶላር ትከፍላለህ። እጅህ ላይ የቀረው 2,400 ነው፣ ያውም አንድም ቀን ሳትቆም። ገበያው በአምስት ሺህ ብቻ ቢወርድ በየቀኑ ከኪስህ ትጨምራለህ ማለት ነው፣ በዶላር።

አሮጌ እንግዛ ላልከው፣ እባክህ እዚህ ጋ ተጠንቀቅ። ትልልቆቹ የነዳጅ ኩባንያዎች ጭነታቸውን ከመስጠታቸው በፊት ሳየር በሚባለው ስርዓት መርከቡን ያስፈትሻሉ፣ 15 ዓመት ያለፈው መርከብ ሲመጣ ፊታቸውን ያዞራሉ። በየአምስት ዓመቱ ደግሞ ዶክ ገብቶ ከባድ ምርመራ አለ፣ መርከቡ ሲያረጅ ያ ምርመራ ብቻውን ሚሊዮኖች ይበላል። ከዛ በኋላ አሮጌው መርከብ የት ይሄዳል ካልከኝ፣ ወይ ህንድና ባንግላዴሽ ባህር ዳርቻ ሄዶ ይቆራረጣል፣ ወይ ደግሞ የጥላ መርከቦች በሚባሉት ውስጥ ይገባል፣ ማዕቀብ ያለበት ነዳጅ እየጫነ፣ መገኛ ምልክቱን እያጠፋ፣ ባንዲራ እየቀያየረ፣ ኢንሹራንሱ በቅጡ ሳይታወቅ የሚሄድ። ገንዘቡ የሚያጓጓው እዛ ጋ ነው፣ ግን አንድ ቀን ነዳጅ ቢያፈስ ወይ ስሙ ማዕቀብ ዝርዝር ውስጥ ቢገባ የአስራ አምስታችሁም ሀብት አብሮ ይሰጥማል። እኔ ልጄ ቢሆን እጁን ይዤ ነው የምከለክለው።

ሌላው ደግሞ ጭነቱ የማን ነው የሚለው ነው። የአገራችን ነዳጅ አቅራቢ ድርጅት ጨረታ ሲያወጣ ተጫራቾቹ የሚወዳደሩት በፕሪሚየም ነው፣ ማለትም በዓለም ዋጋ ላይ በሚጨምሩት፣ መርከቡም እዛ ውስጥ ተጠቃሏል፣ ሻጩ ጅቡቲ ድረስ አምጥቶ ያስረክባል። ስለዚ መርከቡን የሚመርጠው ሻጩ ነው እንጂ እኛ አይደለንም። አገራችን ቻይና ካሰራቻቸው ዘጠኝ መርከቦች ሁለቱ ሐዋሳና ባህር ዳር የሚባሉ ወደ 42 ሺህ ቶን የሚይዙ የነዳጅ መርከቦች ነበሩ፣ ሲመጡ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር፣ ግን መርከብ መኖርና የቤት ጭነት፣ ማለትም ሁሌም ላንተ መርከብ የሚሰጥ የአገር ጭነት፣ መኖር ሁለት የተለያየ ነገር ነው። የቤት ጭነት የሌለው ባለመርከብ ዓለም ገበያ ላይ ወጥቶ ከግሪኮቹና ከኖርዌዮቹ ጋር ነው የሚጋፋው፣ እነሱ ደግሞ ከአያት ከቅድመ አያት የወረሱት ስራ ነው። ፍሮንትላይን የሚባለው ኩባንያ በ2023 በአንድ ስምምነት 24 ቪኤልሲሲ በ2.35 ቢሊዮን ዶላር ገዝቷል፣ በአንድ ፊርማ ማለት ነው።

ታዲያ ዕድሉ የለም ወይ? አለ፣ ግን መርከብ መግዛት ላይ አይደለም። አንደኛ፣ ኦፕሬተር ማለትም መርከብ አሰሪ ለመሆን ባለቤት መሆን ግድ አይደለም፣ ብዙዎቹ መርከቡን በታይም ቻርተር ለስድስት ወር ለዓመት ተከራይተው በየጭነቱ በስፖት ያሰሩታል፣ ትርፋቸው በሁለቱ ኪራይ መሀል ነው፣ ባዶ የሚሄድበትን መንገድ ያሳጠረ ነው የሚያተርፈው። ለዚህ የሚያስፈልገው ብረት ሳይሆን እውቀትና መታመን ነው። ለንደን ያለው ከ1911 ጀምሮ የቆየው የመርከብ ደላሎች ተቋም ትምህርቱን በርቀት ይሰጣል፣ ታንከር ቻርተሪንግ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። አስራ አምስታችሁ የአንድ ተሳቢ ጎማ ዋጋ አዋጥታችሁ እንግሊዝኛ የሚችል፣ ሂሳብ የሚወድ አንድ ወጣት ብታስተምሩ ከአምስት ዓመት በኋላ ስለ መርከብ የምናወራው በሌላ ልክ ይሆናል።

ሁለተኛው ደግሞ እዚሁ አጠገብህ ያለው ነው። መርከብ ወደብ ሲደርስ ለማራገፍ የተሰጠው ሰዓት አለው፣ ካለፈ ዲመሬጅ የሚባለው የመዘግየት ክፍያ በቀን ይቆጠራል። አንዴ ጅቡቲ እያለሁ አንድ ናፍጣ የጫነች መርከብ፣ የድርጅቱን ስም አልጠራም፣ በአንድ ወረቀት ስህተት መልህቅ ጥላ ሶስት ቀን ቆመች፣ በቀን ሃያ ሺህ ዶላር አካባቢ ነበር የሚቆጥረው፣ እኔ ወረቀቱን ይዤ ከቢሮ ቢሮ ስሮጥ ያለቀሰች እናት ነበር የምመስለው። ከዛ ቀን ወዲህ የገባኝ ነገር አንድ ሺህ ቦቴ የሚሞላ ጭነት ይዞ የመጣ መርከብ የሚፈጥነው በየብሱ ጋንና በቦቴው ፍጥነት መሆኑን ነው። ሁለት ሁለት ቦቴ ያላቸው አስራ አምስት ሰዎች ተራቸውን፣ ጋራዣቸውን፣ ጎማቸውን አንድ ላይ አርገው፣ ስንት ቦቴ በስንት ቀን ደርሶ እንደሚመለስ በወረቀት ማሳየት ቢችሉ፣ ለማንኛውም ነዳጅ ኩባንያ ከአንድ አሮጌ መርከብ የበለጠ ዋጋ አላቸው። ኮምቦልቻ ደግሞ ለደሴም ለወልዲያም ለሰሜኑም መገናኛ ናት፣ ፈቃዱን አሟልቶ ማጠራቀሚያ ለሚያስብ ሰውም ቦታዋ ይመቻል። ተሰብሰቡና አስቡበት፣ ኢንሻአላህ ይሳካላችኋል።

ደሴ ሸዋ በር አካባቢ ትንሽ ማደያ አለችኝ። ደንበኛ ሁሉ የዓለም ነዳጅ ቀነሰ ሲባል ሰምቶ እናንተ ለምን አትቀንሱም እያለ ይጮህብኛል። አንዱ ደግሞ የመርከብ ኪራይ ስለተወደደ ነው አለኝ። እውነት መርከቡ ነው እንዴ? — ባለማደያዋ፣ ከደሴ

እህቴ፣ መጀመሪያ ዋጋውን የምትተምኚው አንቺ እንዳልሆንሽ፣ መንግስት በየጊዜው እንደሚያወጣው ጽፈሽ በር ላይ ለጥፊው፣ ስድቡ ይቀንስልሻል። መርከቡን በተመለከተ ሂሳቡን እዚሁ ልስራልሽ፣ አንዲት 40 ሺህ ቶን ናፍጣ የጫነች መርከብ ወደ 47 ሚሊዮን ሊትር ይዛለች፣ ኪራይዋ አንድ ሚሊዮን ዶላር ቢሆን ለአንድ ሊትር 2 የአሜሪካ ሳንቲም አካባቢ ነው። እጥፍ ቢሆን አራት ሳንቲም። ስለዚ መርከቡ አለበት ግን ትልቁ ድርሻ የሱ አይደለም።

ከሱ የበለጠው የምንዛሬ ነገር ነው፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ነዳጁ በዶላር ባለበት ቢቆም እንኳ በብር ይጨምራል። ከዛ በፊት ደግሞ ከሐምሌ 2022 ጀምሮ ድጎማው ደረጃ በደረጃ እየተነሳ ነው የመጣው። ሌላው የጊዜው ርቀት ነው፣ ዛሬ ማታ ሬድዮ ላይ ቀነሰ የተባለው ነዳጅ ገና ማጣሪያ ጋ ያለው ነው፣ አንቺ ጋን ውስጥ ያለው ግን ቀደም ሲል በነበረ ዋጋ ተገዝቶ፣ ባህር ተሻግሮ፣ ጅቡቲ ተራግፎ፣ በቦቴ ሐረጎን ወጥቶ የመጣ ነው።

የመርከቡ ኢንሹራንስ ግን እውነትም ጨምሮ ነበር። ቀይ ባህር ላይ ጥቃቱ ሲበዛ በ2024 መጀመሪያ ላይ ለአንድ ጉዞ ብቻ የሚከፈለው የጦርነት ኢንሹራንስ ከመርከቡ ዋጋ 0.7 እስከ 1 በመቶ ደርሶ ነበር፣ 50 ሚሊዮን ዶላር ለምታወጣ መርከብ ከ350 ሺህ እስከ ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ማለት ነው። ደግነቱ ከኩዌት ወይ ከሳዑዲ ምስራቅ ዳርቻ ወደ ጅቡቲ የምትመጣ መርከብ በሆርሙዝ ሰርጥ ወጥታ በኤደን ባህረ ሰላጤ አድርጋ ታጁራ ነው የምትገባው፣ ባብ ኤል መንደብን አልፋ ቀይ ባህር ውስጥ መግባት አያስፈልጋትም። ለኛ ከቀይ ባህር ይልቅ ሆርሙዝ ነው እንቅልፍ መንሳት ያለበት፣ በ2024 በሷ በቀን ወደ 20 ሚሊዮን በርሜል ያልፍ ነበር፣ ዞረው የሚሄዱበት ሌላ የባህር መንገድ ደግሞ የላትም።

ጋሼ ከወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በመካኒካል ምህንድስና ተመርቄ ዓመት ሞላኝ፣ ስራ የለም። ጓደኛዬ መርከብ ላይ ገብታ ልትሰራ ነው፣ እኔም አስቤያለሁ ግን ታንከር አደገኛ ነው ይሉኛል፣ ቤተሰብም ሴት ልጅ ባህር ላይ ምን ትሰራለች ይላል። ምን ይመክሩኛል? — ተመራቂ፣ ከኮምቦልቻ

ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ደስ አለኝ። መርከብ ሞተር ነው፣ ሞተሩ ደግሞ ወንድ ሴት አይልም፣ ግን ብቸኝነቱን ከወዲሁ እወቂው፣ በ2021 በወጣው የዓለም ቆጠራ ከባህር ሰራተኞች ሴቶቹ 1.28 በመቶ ብቻ ናቸው። ከሃያ ምናምን ሰው ውስጥ ሴት አንቺ ብቻ ልትሆኚ ትችያለሽ። ይሄን ለቤተሰብ አትደብቂ፣ አስረድተሽ ምርቃታቸውን ተቀብለሽ ሂጂ።

መንገዱ እዚሁ አገራችን አለ። ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ስር ያለው የማሪታይም ማሰልጠኛ የመካኒካልና የኤሌክትሪካል ተመራቂዎችን ወስዶ ለመርከብ መሐንዲስነት ያዘጋጃል፣ ቢሾፍቱ ባቦጋያ ደግሞ የባህር ትራንስፖርቱ ድርጅት ማሰልጠኛ አለ። ታንከር ላይ ለመስራት ከመደበኛው በተጨማሪ የዘይትና የኬሚካል ታንከር ስልጠና የምስክር ወረቀት ያስፈልጋል፣ መጀመሪያ መሰረታዊው፣ ሃላፊነት ስትይዢ ከፍተኛው። ሰው ስለማይደፍረውም ነው በአብዛኛው ከደረቅ ጭነት መርከብ የተሻለ የሚከፍለው።

አደጋውን አልሸፍንልሽም። ታንከር ውስጥ እሳት የሚነሳው ጋዝና አየር ሲገናኙ ስለሆነ ጋኑ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ከ8 በመቶ በታች አርገው ነው የሚይዙት፣ ያ ማለት ደግሞ ሰው ሳያስፈትሽ ጋን ውስጥ ከገባ ታፍኖ ይወድቃል፣ ብዙ ሰው የሞተው በእሳት ሳይሆን የወደቀ ጓደኛውን ላውጣ ብሎ ተከትሎ እየገባ ነው። አንድ ነገር ቃል ግቢልኝ፣ ጋዙ ተለክቶ የመግቢያ ፈቃድ ሳይፈረም ማንም ቢያዝሽ፣ ካፒቴንም ይሁን፣ አትግቢ።

ደግሞ ስራ አስገባለሁ ብሎ ብር የሚጠይቅሽ ደላላ ቢመጣ ጥለሽው ሂጂ፣ የባህር ሰራተኞች ዓለም አቀፍ ስምምነት ሰራተኛን የቅጥር ክፍያ ማስከፈል ይከለክላል። ውል ከመፈረምሽ በፊት አይኤምኦ የሚባለውን ባለ ሰባት አሃዝ የመርከቡን መለያ ቁጥር ጠይቂ፣ ኢኳሲስ በሚባለው ነጻ ድረገጽ አስገቢው፣ ዕድሜውን፣ ባለቤቱን፣ ስንት ጊዜ ስም እንደቀየረና ፍተሻ ላይ ምን እንደተገኘበት ታያለሽ። ከላይ በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ የጻፍኳቸው የጥላ መርከቦች ደሞዝ ጨምረው ነው ሰው የሚፈልጉት፣ ቁጥሩን ሲጠየቁ ካንገራገሩ እሱ ነው ምልክቱ።

ልጄ የነዳጅ መርከብ ላይ ይሰራል፣ ስልኩ ካቆመ ዘጠኝ ቀን ሆነው። ቴሌቪዥን ላይ መርከብ ሲቃጠል አይቼ ከዛ ወዲህ እህል አልበላም። ምን ላርግ? — እናት፣ ከደሴ

እማማ፣ በመጀመሪያ እህል ይብሉ። ዘጠኝ ቀን ዝም ማለት መርከብ ላይ የተለመደ ነው፣ በደቡብ አፍሪካ ዞሮ የሚሄድ ከሆነ ሳምንታት መሬት አያይም፣ ኢንተርኔቱም በየመርከቡ አይመሳሰልም። ቴሌቪዥን ላይ ያዩት ምናልባት ሱንዮን የምትባለው የግሪክ መርከብ ትሆናለች፣ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 ቀይ ባህር ላይ 150 ሺህ ቶን ድፍድፍ ይዛ ተመታ ለሳምንታት ስትቃጠል ነበር፣ ሰራተኞቹ ግን በሙሉ በህይወት ወጥተው ጅቡቲ ነው የገቡት፣ መርከቧም ተጎትታ ነዳጁ ሳይፈስ ተራግፏል።

አሁን የሚያደርጉት ይሄ ነው፣ ልጅዎ ሲሄድ የፈረመው ውል ቤት ካለ አውጥተው ለሚያነብልዎ ሰው ይስጡ፣ የመርከቡ ስምና ቁጥር እዛ ላይ አለ። በቁጥሩ መርከቡ የት እንዳለ ስልክ ላይ ማየት ይቻላል፣ ሰፈር ውስጥ ያለ ተማሪ ይረዳዎታል፣ ባህር መሀል ሲገባ ምልክቱ ቢጠፋ አይደንግጡ። ከዛ የቀጠረውን ኤጀንት ደውለው በመርከቡ ኩባንያ የየብስ ተጠሪውን ስልክ ስጡኝ ይበሉ፣ እያንዳንዱ ኩባንያ ሌት ተቀን የሚገኝ እንዲህ ያለ ሰው እንዲኖረው በዓለም አቀፍ ህግ ይገደዳል፣ ለመጠየቅ አይፍሩ። ልጅዎ ሲደውል ደግሞ አንድ ነገር ይንገሩት፣ ብዙ ኩባንያዎች በፈረሙት የሰራተኛ ማህበራት ስምምነት መሰረት የጦርነት ቀጠና ተብሎ በተመዘገበ ባህር ውስጥ አልገባም ብሎ በኩባንያው ወጪ ወደ ቤቱ መመለስ ይችላል፣ የሱ ውል እዛ ውስጥ መኖሩን ካፒቴኑን ይጠይቅ። ኤጀንቱ ስልክ አላነሳ ካለዎት የውሉን ፎቶ በዝግጅት ክፍሉ በኩል ይላኩልኝ፣ እኔ ራሴ እደውላለሁ።